ጆሮዬን ደፍኜ የዳኘሁት ቦክስ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜ ሁለት ሰው ሲጣላ እገሌ ልክ ነው ብዬ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶች ሲጋጩ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ሁለቱንም አዳምጣለሁ፤ «ሁላችሁም እውነት አላችሁ» እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ጓዳዬ እገባለሁ። ሆሳዕና ውስጥ በዚህ ጠባዬ አስተዋይ ሴት እባል ነበር። እውነቱን ለመናገር ጠብ ስለምፈራ ነው። ይህን ከምታነቡት መካከል እንደ እኔ ያለ ሰው አይጠፋምና አንድ እሁድና አንድ ሰኞ ምን እንዳደረጉኝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ። አባቴ ከወሎ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በአንድ የስፖርት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ጊዜ የቦክስ ውድድር ደንብ እንድገለብጥ ተሰጠኝ። አርባ ገጽ ነው። አለቃዬ አንዲት ፊደል በተዛነፈች ቁጥር ስለሚመልሰው አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መታሁት። በዚህ ምክንያት አንድም ቀን ቦክስ ሳላይ የቦክስ ሕግ በቃሌ ያዝኩ። «በጓንት ወይም በክንድ ላይ ያረፈ ቡጢ አይቆጠርም» የሚለው አንቀጽ ዛሬም ከነአራት ነጥቡ ይታየኛል።

ባለቤቴ መምህር ታፈሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳምቦያ አሥራ አራት ዓመት አስተምሯል። የከተማው ግማሽ ያህሉ በእሱ እጅ ፊደል ቆጥሯል። እዚህ ሆሳዕና ደግሞ በአጥር የምትገናኘኝ ራቢያ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። በአጥራችን መካከል ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔና ራቢያ የውጭ በር አንኳኩተን አናውቅም። እሷ በበዓሏ አተካና ሠርታ፣ ያ ቡላና ቅቤ የሚገባበት ምግብ ነው፣ በሳህን በዚያ ቀዳዳ ታቀብለኛለች፤ ጾም ከሆነ «ሲፈታ ትበያለሽ» ብላ መልሳ ትወስደዋለች። ሲፈታ ታመጣዋለች። ቦክሰኛው ሙክታር የእሷ ልጅ ነው።

የሙክታር ተጋጣሚ ማርቆስ የሚባል የዳምቦያ ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል። መጀመሪያ ሆሳዕና ላይ ሙክታር አሸነፈ ተባለ፤ የዳምቦያ ሰዎች «ተዘረፍን» እያሉ ሄዱ። ቀጥሎ የዳምቦያ ጎረቤት በሆነችው ዱራሜ ላይ ማርቆስ አሸነፈ ተባለ፤ የእኛ ሰዎች «ተዘረፍን» እያሉ ተመለሱ። ሁለቱም ጊዜ ዳኞቹ የባለሜዳው ከተማ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰው መምጣት ተወ። «ውድድሩ የት እንደሚካሄድ ከታወቀ ውጤቱ ታውቋል፤ ታዲያ ምን ልናይ ነው?» ይሉ ነበር። ልምምድ ቤቱ እየተራቆተ ሄደ። ለልጆቹ ጓንት ይገዛ የነበረው ነጋዴ ወደ እግር ኳስ ዞረ። እናቶችም «ቢያሸንፍም ላይሰጡት ለምን ይደበደባል?» እያሉ ልጆቻቸውን አስቀሩ።

ሦስተኛውን ግጥሚያ ያዘጋጀው አቶ ሽብሩ የሚባል የከተማችን ሰው ነው። አሸናፊውን አዲስ አበባ ወስዶ በሙያው እንጀራ እንዲበላ የሚያደርግ አንድ አሠልጣኝ ጠራ። አሠልጣኙ ግልጽ ሰው ነበር፤ «አንድ አልጋ ነው ያለኝ። አቻ ከወጡ ማንንም አልወስድም» አለ። ዳኞቹም አንድ ከሆሳዕና፣ አንድ ከዱራሜ፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ እንዲሆኑ ተስማሙ። እሁድ ቀትር ላይ ግን የአዲስ አበባው ዳኛ መኪና ቡታጅራ ላይ ተበላሸች። አቶ ሽብሩ ላብ በላብ ሆኖ እቤቴ መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ የቦክሱን ሕግ እርስዎ ነዎት አሉ የጻፉት።»

«ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የጻፈው ሌላ ነው።»

«ይበቃናል። ዛሬ ሦስተኛ ዳኛ ይሁኑልን።»

«ቦክስ አይቼ አላውቅም።»

«ያበላሹትስ ያዩት አይደሉ?»

«ሽብሩ፣ የራቢያን ልጅ ዳኚ ነው የምትለኝ?»

«የዳምቦያ ሰዎች ተስማምተዋል። የመምህር ታፈሰ ባለቤት ከሆነች ይሁን ብለዋል። የእኛዎቹም እሺ ብለዋል። እርስዎ ወገን የለዎትም።»

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። ሆሳዕናዎች የተስማሙት የራቢያ ጎረቤት ስለሆንኩ ነው፤ ዳምቦያዎች የተስማሙት የመምህራቸው ሚስት ስለሆንኩ ነው። ወገን የላትም ያሉኝ ሁለቱም በየልባቸው የእኛ ናት ብለው ነው። «ሁላችሁም እውነት አላችሁ» ስትል የኖረች ሴት መጨረሻዋ ይኸው ነው።

ሽብሩ እንደወጣ ራቢያ በቀዳዳው ብቅ አለች።

«አንቺ ነሽ አሉ ዳኛዋ።»

«እኔ ነኝ አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ተመልሳ ገባች። ያቺ ቃል ልታስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

የዚያን ቀን ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳ ነበር። እንደ ልማዴ የጤና አዳም ቅጠል በጥጥ ጠቅልዬ ሁለቱንም ጆሮዎቼን ደፈንኩ፤ ሻሼን በላዩ ላይ አሰርኩ፤ መነጽሬን ይዤ ወጣሁ። ጆሮዬን ብርድ ከመታው ሦስት ቀን ያስተኛኛል፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ለዘጠኝ ወር የጠፋ ሰው ሁሉ ተመልሷል፤ ለመጣላት እንደመጣ ያስታውቃል። ከመድረኩ ሥር ወንበርና የነጥብ ወረቀት ሰጡኝ። አራት ዙር ነው። ዙሩን ያሸነፈ አሥር፣ የተሸነፈ ዘጠኝ ያገኛል። ሽብሩ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ መልካም ዕድል ይሆናል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ደወሉ ከሩቅ መንደር እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማኝ። ልጆቹ ተነሱ።

መጀመሪያ ላይ ያሰብኩት ቦክስ እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ጨዋታ ነው ብዬ ነው። ሙክታር ትልቅ ልጅ ነው፤ ክንዱን ከኋላ አምጥቶ እንደ እንጨት ፈላጭ ይወነጭፋል። ማርቆስ ቀጠን ያለ ነው፤ ክንዶቹን ፊቱ ላይ ገጥሞ ይቀበለዋል። የሙክታር ቡጢ በማርቆስ ክንድ ላይ ያርፋል፤ በጓንቱ ላይ ያርፋል። እኔ ወረቀቴ ላይ ምንም አልጽፍም፤ ሕጉ ግልጽ ነዋ። ከዚያ ማርቆስ ጠጋ ይልና አጭር ቡጢ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ አንድ ጊዜ ጎኑን፣ አንድ ጊዜ አገጩን ይነካዋል። ያንን እመዘግባለሁ። መዝግቤ ቀና ስል እንደገና አንኳኩቷል።

ሁለተኛውን ዙር ለሙክታር ሰጠሁ፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ጊዜ በደንብ አግኝቶታል። አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ለማርቆስ። ሠላሳ ዘጠኝ ለሠላሳ ሰባት። እርሳሴን አስቀምጬ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያማረ ነበር። ስፈርም የራቢያን ልጅ መጣሌን ዐውቄያለሁ፤ ግን የሆነው እንዲህ ግልጽ ከሆነ ለሌላውም ሰው ግልጽ ይሆናል ብዬ ነው።

አቶ ሽብሩ ሦስቱን ወረቀቶች ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሆሳዕናው ዳኛ ለሙክታር፣ የዱራሜው ለማርቆስ እንደሰጡ በኋላ ነው የነገሩኝ። የእኔን ሲያነብ ግን ከፊት ረድፍ ያሉ ሰዎች ሁሉ ባንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። አፋቸው ተከፍቷል። አንድ ጎልማሳ ጣቱን እየቀሰረ ምን እንደሚል ስላልሰማሁት፣ ከትሕትና አንጻር ልስማው ብዬ ሻሼን ገለጥ አድርጌ ጥጡን ከቀኝ ጆሮዬ አወጣሁ።

ያ ሁሉ ጩኸት ባንድ ጊዜ ገባ።

«ሌባ ናት!» «መምህር ታፈሰ ናቸው ከመቃብር የፈረዱት!» «ሙክታር! ሙክታር!» ከዳምቦያ የመጡት ደግሞ በዚያ በኩል ይዘፍናሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ሰዓት አዳራሹ ይህን ያህል ይጮህ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ቦታ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ያየውን ቦክስ አላየሁም ማለት ነው? ጥጡን በመዳፌ ጨብጬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ፖሊሶች ሰዉን ሲያረጋጉ ሽብሩ ተናገረ፤ ውጤቱ እስከ ሰኞ ታግዷል፤ ጠዋት ሽማግሌዎች ያዩታል፤ አሠልጣኙ በቀትሩ አውቶቡስ ይሄዳል፤ ያሸነፈ ካለ ይዞት ይሄዳል።

ቤቴ ስደርስ በአጥሩ ቀዳዳ ላይ ቆርቆሮ ቆሟል። ከጀርባው በድንጋይ ተደግፏል። ሻይ አፈላሁና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽብሩ መጣ።

«እትዬ፣ ቀላል መውጫ አግኝቼልዎታለሁ።»

«ምን?»

«አመመኝ ይበሉ። ጆሮዬ አይሰማም፣ ደወሉም አልተሰማኝም፣ ግራ ተጋብቼ ነው ይበሉ። ሽማግሌዎቹ ወረቀትዎን ይሰርዛሉ። አንድ ለአንድ ይሆናል፣ አቻ። ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተሸነፈም። እርስዎም ከራቢያ ጋር ይታረቃሉ።»

«ማርቆስስ?»

«ወጣት ነው፣ ሌላ ጊዜ ያገኛል። ደግሞ ውሸቷ ማንንም አትጎዳም።»

ራሴን ያዝኩ። ሰውየው ውሸት ሊያስተምረኝ መጥቶ የነገረኝ ግን እውነቱን ነበር። ጥጡ ኪሴ ውስጥ ነው። ብናገር እሱ ያለው ይሆናል፤ ያ ልጅ አልጋውን ያጣል፤ እኔ ከነሰላሜ እቀመጣለሁ። ባልናገር ደግሞ ደብቄ የፈረድኩ ዳኛ ነኝ።

«አስብበታለሁ» አልኩት። ይህም ከ«ሁላችሁም እውነት አላችሁ» የማይሻል መልስ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በአንድ ኳስ ማሳያ ቤት ተቀመጡ፤ ቅዳሜና እሁድ ወጣቶች በትልቅ ቴሌቪዥን ኳስ የሚያዩበት ቤት ነው። ሁለት ከሆሳዕና፣ ሁለት ከዳምቦያ፣ በመካከላቸው አቶ ኤርጊቾ የሚባሉ የሁሉም ታላቅ። አምስቱም ቦክስ የሕፃን ጨዋታ ነው ብለው እሁድ አልመጡም ነበር። ሁለቱ ቦክሰኞች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አንድ ጠርሙስ ውሃ ይቀባበላሉ። ራቢያ ከጥግ ነበረች፤ አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆናለች። ሌላው ሰው በበርና በመስኮት ተደርቧል።

አቶ ኤርጊቾ ጀመሩ። «በእኛ አገር ሽምግልና ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም። ድንበር ቢሆን ግማሹን ለዚህ፣ ግማሹን ለዚያ። ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው። አቻ ብንለው ምን ይላችኋል?»

ሽብሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«አቶ ኤርጊቾ፣ መሬት ለሁለት ይከፈላል። ቡጢ ግን ወይ አርፏል ወይ አላረፈም። እሁድ ያሸነፈው ማርቆስ ነው። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።» ጥጡን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ይህ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከደወሉ በቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምንም አልሰማሁም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሽብሩ ፊቱ በራ፤ «ይኸው፣ ራሷ አመነች» አለ። «ጆሮዋን የደፈነች ዳኛ ሕጉ ይፈቅዳል?»

«ደንቡ አርባ ገጽ ነው» አልኩት። «ስለ ጥጥ የሚል የለም። ስለ ዓይን ግን አለ። ‹ዳኛው ዓይኑን ከመድረኩ ላይ አያንሳ› ይላል። አላነሳሁም።»

አቶ ኤርጊቾ ጥጡን በጣታቸው ገለበጡት፤ አሸተቱት። «ጤና አዳም አለበት» አሉ። «ሚስቴም እንዲህ ታደርጋለች። እኔ ስጠራት አትሰማም፤ ያደረግሁትን ግን ሁሉ ታያለች።» ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ይህን ነገር በስልክ የቀዳ አለ?»

ያልቀዳ አልነበረም። አንዱን መርጠው ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈቱት። አቶ ኤርጊቾ አንድ ቁና ባቄላና ሁለት ሳህን አስመጡ፤ ለአምስቱም ሽማግሌ እፍኝ እፍኝ ሰጡ። «ሙክታር ሲያገኘው በዚህ፣ ማርቆስ ሲያገኘው በዚያ። አስካለ፣ የማይቆጠረውን ንገሪን።» አንቀጹን በቃሌ ወጣሁላቸው።

በመጀመሪያ ከነድምፁ ታየ። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። ሙክታር በወነጨፈ ቁጥር አዳራሹ ይጮሃል፤ ባቄላው ሳህን ላይ ይረግፋል። ሲያልቅ የሙክታር ሳህን ከፍ ብሎ ታየ። ከዳምቦያ ሽማግሌዎች አንዱ እንኳ ለሙክታር ነው የጣለው። የመስኮቱ ሰው አጨበጨበ። ሽብሩ ሰዓቱን አየ።

«አሁን ድምፁን አጥፉት» አልኩ።

ጠፋ። ያንኑ ግጥሚያ እንደገና አዩ። የባቄላ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ጠብ፣ ጠብ። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ አንዱ ሽማግሌ እጁን ወደ ሙክታር ሳህን ዘርግቶ፣ ቆሞ፣ መለሰው። «ክንዱን ነው የመታው» አለ ለራሱ። በሦስተኛው ዙር የመስኮቱ ሰው መንሾካሾክ ተወ። የሆሳዕናው ዳኛ አንገቱን ያክ ጀመር። ሲያልቅ የማርቆስ ሳህን ሞልቶ የሙክታር ከግማሽ በታች ነበር።

አቶ ኤርጊቾ ሁለቱን ሳህኖች እየተመለከቱ ቆዩ። «ባቄላው ያው ነው፤ ልጆቹም ያው ናቸው» አሉ። «ሰው ሲጮህ እጄ በራሱ ይሄዳል ማለት ነው። አርባ ዓመት ስሸመግል ኖሬ ይህን አላወቅሁም።» ከዚያ ወደ ሙክታር ዞሩ። «ልጄ፣ አንተስ? ቡጢው አንተ ላይ ነው ያረፈው።»

ሙክታር ጎኑን ዳሰሰ። «ጎኔ ትናንትና ነግሮኝ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አዳራሹ ሙሉ አሸነፍክ ሲለኝ ጎኔን አላመንኩትም።»

ማርቆስ ሳቀ፤ ወዲያው ከንፈሩ ስለቆሰለ አፉን ያዘ። ሙክታርም ሳቀ። አሠልጣኙ ተነስቶ፣ «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፤ ሻንጣህን ያዝ» አለው ለማርቆስ። ልጁ ሲወጣ እጄን ለመሳም ጎንበስ አለ። «እኔን አታመስግነኝ፤ ነፋሱን አመስግን» አልኩት።

ራቢያን ግን ፈራኋት። ሰው ሁሉ ሲበተን ከጥጓ ተነስታ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ቦክሱን አይቼው አላውቅም ነበር» አለች።

«ከፊት ረድፍ ነበርሽ እኮ፣ ራቢያ።»

«ልጄ ሲመታ ማየት እችላለሁ? ከደወሉ ጀምሮ ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ሲጮህ ሲጮህ፣ አሸነፈ ብዬ ነው። ዛሬ ገና አየሁት።» ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እኔ ሰማሁ፣ አላየሁም። አንቺ አየሽ፣ አልሰማሽም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ዳኛ አይወጣንም?»

«ይወጣናል» አልኩ።

«ቆርቆሮውን አንሺው። ድንጋዩ ለእኔ ከብዶኛል፣ ትናንት በንዴት ነው ያነሳሁት።»

ሁለታችን ተጋግዘን አነሳነው።

ከዚያ ወዲህ ልምምድ ቤቱ እንደገና ሞልቷል። ሰዎች የሚመጡት ከተማቸው ስለሚያሸንፍ አይደለም፤ ማን እንደሚያሸንፍ ስለማያውቁ ነው። ዳኞቹ ከወረቀትና ከእርሳስ ጋር ጥጥ ይታደላቸዋል፤ ጤና አዳሙን ግን እንደየፍላጎታቸው ነው። የዱራሜ ሰዎችም ይህን ልማድ ወስደዋል፤ እኛ ነን የጀመርነው ይላሉ። አልከራከራቸውም፤ ግን እኛ ነን።

እኔ ላይ የተለወጠው ነገር ለሌላው ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል። ጎረቤቶች ሲጣሉ አሁንም ወደ እኔ ይመጣሉ። አዳምጣለሁ። ከዚያ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» እላለሁ። የሚመጣው ሰው ቀንሷል፤ የሚመጣው ግን የምር መልስ ፈልጎ ነው። እናንተም አንድ ነገር ልትፈርዱ ስትቀመጡ፣ በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ አንድ ነገር የሚጮህ ከሆነ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ እዩት። እንደ እኔ ሰባ አንድ ዓመት አትጠብቁ።

ባለፈው ወር ሙክታር ከአንድ የሞርሲቶ ልጅ ጋር ገጠመ። ራቢያ ከኋላዬ ተቀመጠች። ደወሉ ሊደወል ሲል ትከሻዬን ነካችኝ፤ መዳፏን ዘርግታለች።

«ለእኔም ቆርሺልኝ» አለች።

ከጥጡ ግማሹን ሰጠኋት። ጆሮዋን ደፈነችና ሻርፗን ከዓይኗ ላይ ገፈፈችው። ማን አሸነፈ ትሉ ይሆናል። እሷን ጠይቋት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታዋለች።